ለባለካባው ቀዳዳ የእኛ ኩታ ለምን ይቀደዳል?



የግብር ማሳወቂያው ወቅት በመጣ ቁጥር የዚህ ጸሐፊ ስልክ ዕረፍት ያጣል። የሒሳብ ባለሙያ ሆኜ አይደለም። በግሌ ኮንትራት እየተዋዋልኩ በኮምፒውተር ሙያ ብዙ ዓመት የሠራሁ፣ የግብሩንም ቅጽ በገዛ እጄ እየሞላሁ ጠጉሬ የሸበተ በመሆኔ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ወጣት ወገኖቼ «እስቲ እሳቸውን ጠይቋቸው» እየተባባሉ ይደውሉልኛል እንጂ። ሰሞኑን የደወለልኝ ልጅ የጠየቀኝ ጥያቄ ግን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ አስገደደኝ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ስኬጁል ሲ ላይ የሥራህ ዓይነት ምንድን ነው የሚል መስመር አለ። አማካሪ ልበል ወይስ ሶፍትዌር ሠሪ? አንድ ጓደኛዬ አማካሪ ካልክ ትከስራለህ ብሎኛል። እርስዎ ምን ይሉኛል?»

ሳቅሁበት። ሳቄ ግን ብዙም አልቆየ። ስኬጁል ሲ ማለት፣ አሜሪካን አገር ለማታውቁ አንባብያን፣ በግል ሥራ የሚተዳደር ሰው ገቢውንና ወጪውን ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ለአይ አር ኤስ የሚገልጽበት ቅጽ ነው። ልጁ የጠየቀኝ ስለ አንዲት ቃል ነው። አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይሉ ነበር፤ ይህ ልጅም በገዛ ሙያው ስም እንዳይፈረድበት ፈርቷል። ፍርሃቱ ደግሞ ባዶ አይደለም። እንዴት እዚህ እንደ ደረስን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ሊኖርብኝ ነውና ታገሡኝ።

አስቀድሜ ግን በየማኅበሩና በየልቅሶ ቤቱ የምሰማትን አንዲት አባባል ልንቀል። ደመወዝተኛ ወዳጆቻችን «እናንተማ ምን አለባችሁ! ሁሉንም ነገር ከግብር ትቀንሳላችሁ» ይሉናል። ተቀናሽ ወጪ ማለት መንግሥት የሚሰጠው ምጽዋት አይደለም። ዳቦ ጋጋሪ የዱቄቱን ዋጋ ሳይቀንስ በሽያጩ ሁሉ ላይ ግብር ክፈል ቢባል ምድጃውን ያጠፋል። የአሜሪካ ሕግም ይህንኑ ያውቃል፤ በአንቀጽ 162 ለሥራው «የተለመደና አስፈላጊ» የሆነውን ወጪ መቀነስ ይፈቅዳል። የእኛ ዱቄት ኮምፒውተር ነው፤ የሰርቨር ኪራይ፣ የኢንተርኔት ክፍያ፣ የሙያ ኢንሹራንስ ነው። ይህንን ቀንሶ በተረፈው ላይ ደግሞ በግል የሚሠራ ሰው ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ይከፍላል። ደመወዝተኛው የሚከፍለው 7.65 በመቶ ነው፤ ቀሪውን አሠሪው ይሸፍንለታል። እኛ ግን አሠሪም ተቀጣሪም ናችሁ ተብለን ሁለቱንም እንከፍላለን። በግማሹ የገቢ ግብራችን ስሌት ይቀልልናል፣ እውነት ነው፤ የጤና ኢንሹራንሳችንንም ከገቢ ግብሩ እንቀንሳለን። ከ15.3 በመቶው ስሌት ላይ ግን ለራሳችን የገዛነው የጤና ኢንሹራንስ አይቀነስም። ደመወዝተኛው አሠሪው በሚከፍልለት የጤና ኢንሹራንስ ላይ ይህኛውንም ያኛውንም ግብር አይከፍልም። እንግዲህ ማን ምን እንዳለበት አንባቢ ይፍረድ!

አንድ ነገር ልጨምር። ከ1984 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ የግብር ሕግ ኮምፒውተርን ከመኪናና ከመዝናኛ ዕቃ ጋር በአንድ የጥርጣሬ መዝገብ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ከሥራ ቦታህ ውጭ የምትጠቀምበት ከሆነ ስንት ሰዓት ለሥራ፣ ስንት ሰዓት ለግልህ እንደዋለ መዝግበህ አሳይ ይባል ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 በወጣው ሕግ ነው። ይህ ማለት አንድ ፕሮግራመር ለሠላሳ ሦስት ዓመታት ያህል በገዛ መሣሪያው ሲጠረጠር ኖረ ማለት ነው። አናጢን «መዶሻህን ለምን ትይዛለህ?» ብሎ የጠየቀ ሕግ አላየሁም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በ1978 ኮንግረሱ አንድ ከለላ አወጣ። በቂ ምክንያት ይዞ አንድን ሠራተኛ «ተቀጣሪዬ ሳይሆን በግሉ የሚሠራ ባለሙያ ነው» ብሎ የከፈለን ድርጅት፣ አይ አር ኤስ ወደ ኋላ ተመልሶ «የለም፣ ተቀጣሪህ ነበር፣ ያልከፈልከውን ክፈል» እያለ እንዳያሳድደው የሚከለክል ከለላ ነበር። ሙያ አይመርጥም ነበር። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ታላቁ የግብር ማሻሻያ ሕግ ሲወጣ ግን በሆዱ ውስጥ አንቀጽ 1706 የምትባል አጭር ድንጋጌ ተሸጉጣ ነበር። በአገናኝ ድርጅት በኩል ለሦስተኛ ወገን የሚሠራ መሐንዲስ፣ ዲዛይነር፣ ድራፍተር፣ የኮምፒውተር ፕሮግራመር፣ የሲስተም አናሊስትና መሰሎቻቸው ከከለላው ውጭ ናቸው አለች። የሌላ ሙያ ሰው በዚሁ መንገድ ቢሠራ ከለላው እንዳለ ቀረለት። በስም ተጠርተው ከደጅ የተባረሩት የቴክኒክ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ለምን? ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እንደዘገበው፣ አይ ቢ ኤም የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በባሕር ማዶ ሥራው ላይ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የግብር እፎይታ ፈለገ። የኒውዮርኩ ሴናተር ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን ይህንን ሊያደርጉለት ተነሡ። በጊዜው በነበረው የበጀት ደንብ ግን ለአንዱ ግብር ሲቀነስ ጉድለቱ ከሌላ ቦታ መሞላት ነበረበት። ማን ይሙላው? ፕሮግራመሮች ይሙሉት! እነርሱን ወደ ተቀጣሪነት ብንነዳቸው ተቀጣሪ ግብር ለማጭበርበር ዕድሉ ጠባብ ነውና ያንኑ ያህል ገንዘብ ይገኛል ተብሎ ተሰላ። ለባለካባው ቀዳዳ የባለኩታው ኩታ ተቀደደ።

አንቀጿ ፕሮግራመርን በቀጥታ ተቀጣሪ አላደረገችም። ከለላውን ብቻ ነው ያነሣችው። ነገር ግን አገናኝ ድርጅቶች ፈሩ። ነገ አይ አር ኤስ መጥቶ የኋላ ግብር ቢጠይቀንስ እያሉ ግለሰብን በግሉ ማዋዋል ተዉ፤ ወይ ተቀጠር፣ ወይ ኩባንያ አቋቁመህ ና ማለት ጀመሩ። ሞይኒሃን ራሳቸው በማግስቱ ዓመት አንቀጿን ለማሰረዝ ሞክረው አልሆነላቸውም። የገንዘብ ሚኒስቴሩ በ1991 ባቀረበው ጥናት ደግሞ የቴክኒክ ባለሙያዎች የግብር አከፋፈል በግላቸው ከሚሠሩ ከሌሎች ሰዎች የተሻለ እንጂ የከፋ እንዳልሆነ ታወቀ። ክሱ ሐሰት መሆኑ ተመሰከረ፣ ፍርዱ ግን አልተነሣም። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2010 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ አንድ የሶፍትዌር መሐንዲስ ትንሽ አውሮፕላኑን እያበረረ የአይ አር ኤስ ቢሮ ካለበት ሕንፃ ጋር አላተመው። ራሱም ሞተ፤ ለዕለት እንጀራው ቢሮ የገባ አንድ ሠራተኛም ገደለ። ትቶት በሄደው ጽሑፍ ውስጥ አንቀጽ 1706 ተጠቅሳለች። ያ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ለሥራው ማመካኛ የለውም፤ እኔም አልፈልግለትም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን በፊት አንቀጿን የሰማ ጋዜጣ አንባቢ ስንት ነበር?

ይህች አንቀጽ ዛሬም የምትቆረቁረው ለምንድን ነው? ቢባል መልሱ ተቀናሽ ወጪ ላይ ነው። በ2017 የወጣው ሕግ ተቀጣሪ ለሥራው ሲል ከኪሱ ያወጣውን ወጪ ከ2018 ጀምሮ እንዳይቀንስ ከለከለ፤ በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ክልከላውን ዘላቂ አደረገው። ስለዚህ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዓይነት ኮምፒውተር በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ገዝተው፣ ለአንድ ደንበኛ አንድ ዓይነት ሥራ ቢሠሩ፣ 1099 የሚቀበለው ይቀንሳል፣ ደብሊው-2 የሚቀበለው አይቀንስም። መሣሪያህ ወጪ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው ሥራህ ሳይሆን የተሰጠህ ስም ነው። ስሙን የሚሰጥህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አገናኙ ነው።

እንግዲህ ወደ 2017ቱ ሕግ መጣን። የኩባንያዎች ግብር ከ35 በመቶ ወደ 21 በመቶ ወረደ። ኩባንያ ላልሆኑት፣ ማለትም ለእንደኛ ዓይነቱ፣ ከንግድ ገቢያቸው 20 በመቶውን እንዲቀንሱ አንቀጽ 199ኤ ተጻፈላቸው። መልካም ነበር። ግን ገቢው ከተወሰነ ጣሪያ ካለፈ (ለ2025 ሒሳብ ላላገባ ሰው 197,300 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 394,600 ዶላር) ቅናሹ ቀስ በቀስ እየሟሸሸ የሚጠፋባቸው ሙያዎች ተዘረዘሩ። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ሒሳብ አዋቂ፣ አትሌት… እና አማካሪ! መሐንዲስና አርክቴክት ግን በግልጽ ቃል ከዝርዝሩ እንዲወጡ ተደረገ። የድልድይ ንድፍ የሚሠራ ሰው ዕውቀቱን አይሸጥም፣ የኮምፒውተር ሥርዓትን ንድፍ የሚያማክር ሰው ግን ዕውቀቱን ይሸጣል የሚል ፍልስፍና ካለ እኔ አልደረስኩበትም። የደረስኩበት አንድ ነገር ቢኖር፣ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች ኮንግረሱ ደጃፍ የሚቆምላቸው ማኅበር እንዳላቸው ነው።

በ2019 የጸናው ደንብ ደግሞ ጉዳዩን በምሳሌ ያብራራል። ሶፍትዌር በፈቃድ የሚሸጥ ሰው፣ የደንበኛውን ፍላጎት አጥንቶ ቢመክረው፣ ከሸጠለትም በኋላ ተከላውን ቢያግዘው፣ ሻጭ እንጂ አማካሪ አይባልም ይላል። ምክሩ ያው ምክር ነው! በሚሸጥ ዕቃ ከተጠቀለለ ይፈቀዳል፤ ራቁቱን ከሄደ ይቀጣል። የልጁ ጓደኛ የሰማው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው። ልጁ ራሱ ግን ገቢው ጣሪያውን አያልፍምና ለዚህ ዓመት አንዲቷ ቃል አታከስረውም። ደግሞም የሚታየው በመስመሩ ላይ የተጻፈው ቃል ሳይሆን የተሠራው ሥራ ነው። ይህንን ነገርኩት፤ ደስ አለው። ደስታው ለአምስት ደቂቃ ያህል ቆየ።

ምክንያቱም ቀጥሎ ያነሣልኝ ነገር ከሁሉ የከፋው ነበር።

ይህ ልጅ ቀን ቀን ለደንበኞቹ በኮንትራት ይሠራል፤ ሌሊት ሌሊት የራሱን ሶፍትዌር ይገነባል። ለአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች የሠራተኛ ፈረቃ የሚያደራጅ ነው፤ እናቱ በእንዲህ ዓይነት ቤት ብዙ ዓመት ሠርታለችና ችግሩን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ብቻውን ስላልቻለ አዲስ አበባ ያሉ ሁለት ወጣት ፕሮግራመሮችን ፈልጎ አገኘ። በ2025 ከኮንትራት ሥራው ሌሎች ወጪዎቹ ተቀንሰው 90,000 ዶላር አገኘ፤ ከዚያ ላይ 30,000 ዶላር ለአዲስ አበባዎቹ ልጆች ከፈለ። በእጁ የቀረው 60,000 ነው። እርሱም በ60,000ው ግብር እከፍላለሁ ብሎ አስቧል። ምን ያጠፋል? ዳቦ ጋጋሪውም ረዳቶቹን ከፍሎ በተረፈው አይደል የሚገብረው?

ሕጉ ግን እንዲህ ይላል። ያው የ2017 ሕግ፣ የኩባንያዎቹን ግብር ሲያወርድ ለሚፈጠረው ጉድለት ማካካሻ ፈልጎ አንቀጽ 174ን ለወጠው። ከ2022 ጀምሮ ሶፍትዌር ለመገንባት የወጣ ወጪ በዓመቱ መቀነሱ ቀረ፤ ሥራው አሜሪካ ውስጥ ከተሠራ በአምስት ዓመት፣ ከአሜሪካ ውጭ ከተሠራ በዐሥራ አምስት ዓመት ተሸንሽኖ እንዲቀነስ ሆነ። ትልልቆቹም ጮኹ፣ አልዋሽም፤ እነርሱንም ነክቷቸዋል። ግን ግዙፍ ኩባንያ ካዝና አለው፣ ይጠብቃል። ሁለትና ሦስት ሰው ያለው ቤት በሌለው ትርፍ ላይ ግብር ክፈል ተባለ። ጩኸቱ ተሰማና በ2025ቱ ሕግ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው ሶፍትዌር ወጪ እንደ ቀድሞው በዓመቱ እንዲቀነስ ተመለሰ። የውጭው ግን በዐሥራ አምስት ዓመቱ ላይ ቀረ። ስለ እርሱ የጮኸ አልነበረማ!

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 30,000 ለዐሥራ አምስት ሲካፈል በዓመት 2,000 ነው። የመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ብቻ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ለ2025 የሚቀንሰው 1,000 ዶላር ነው። ከ2026 እስከ 2039 በየዓመቱ 2,000። የመጨረሻዋ 1,000 ዶላር የምትቀነሰው በ2040 ነው። ልጁ በእጁ 60,000 ዶላር ይዞ በ89,000 ዶላር ላይ ይገብራል ማለት ነው። በሌላት 29,000 ዶላር ላይ የሶሻል ሴኩሪቲውና የሜዲኬሩ ክፍያ ብቻ ከ4,000 ዶላር ይበልጣል፤ የገቢ ግብሩ ለብቻው ነው። ሶፍትዌሩ ሳይሸጥ ቢቀር፣ ከስሮ ቢተወው እንኳ፣ ሕጉ ቀሪውን በአንዴ እንዲቀንስ አይፈቅድለትም። የሞተውን ሥራ እስከ 2040 እያስታወሰ ተዝካሩን በየዓመቱ ያወጣል።

(ለጥንቃቄ ያህል፦ ለደንበኛ ተሠርቶ የሚረከብ፣ መብቱም ኪሳራውም የደንበኛው የሆነ ሥራ ከዚህ የተለየ ነው። እኔ የምናገረው ሰው ለራሱ ስለሚገነባውና ራሱ ስለሚሸጠው ሶፍትዌር ነው። የየራሳችሁን ጉዳይ ለባለሙያ አሳዩ።)

የሕጉ ጠበቆች «ሥራው አሜሪካ ውስጥ እንዲቀር ነው» ይላሉ። ይህ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ልጁ አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ የሚያነሡለት፣ ሒሳብ የሚይዙለት ሁለት ሰዎች ቀጥሮ ቢሆን ምን ይሉት ነበር? ምንም። 30,000ውን በዓመቱ ቀንሶ በሰላም ያድራል። ሥራ ባሕር ተሻግሮ መሄዱ አላሳሰባቸውም ማለት ነው። የተቀጣው ሶፍትዌር መጻፉ ብቻ ነው። ከ1986 እስከ ዛሬ ያው ሙያ ነው በስሙ እየተጠራ ጓዳውን የሚፈተሸው። እንደኛ ያለው ሰው ደግሞ ለቅጣቱ ሁለት ጊዜ ይመቻል፤ ሙያው ያ ሆኖ፣ አብሮ አደጉና የአጎቱ ልጅ ያሉት አዲስ አበባ ነው። «ዲያስፖራው ለአገሩ ወጣት የሥራ ዕድል ይፍጠር» እየተባለ በየስብሰባው ሲነገረን ኖረናል። ይኸው አንዱ ፈጠረ። የተሰጠውን ሽልማት ተመልከቱ።

ስለ ቤት ውስጥ ቢሮ ብዙ አልልም። ክፍሉ «ለሥራ ብቻ» እና «በመደበኛነት» መዋል አለበት ይላል ሕጉ። እንግዳ ሲመጣ የሚተኛበት፣ ሕፃኑ የሚጫወትበት ክፍል አይቆጠርም። የእኛ ቤት እንግዳ አጥቶ ያውቃል ወይ? ቀላል በተባለው ስሌት በአንድ ስኩዌር ፊት 5 ዶላር፣ እስከ 300 ስኩዌር ፊት፣ ከ1,500 ዶላር ሳያልፍ ይቀነሳል። ይህ ቁጥር ከተጀመረበት ከ2013 ሒሳብ አንሥቶ አልተነቃነቀም። የዚህን አካባቢ የቤት ኪራይ የሚከፍል አንባቢ ቀሪውን ይሙላበት። ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ በያዝከው ሙያ ለመሻሻል የተማርከው ይቀነሳል፣ ወደ አዲስ ሙያ የሚያሻግርህ አይቀነስም። ታክሲ እየነዳ ሌሊት ኮምፒውተር ለተማረ ወንድማችን ትርጉሙ ምን እንደሆነ ራሱ ያውቀዋል።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ወገኔ እጁን እያጨበጨበ ይሆናል። አሁን ጭብጨባውን ያቁምልኝ። ቀሪው ለእኛው ነው።

በየሠፈራችን በዚህ ወቅት «ታክስ እንሠራለን፣ ትልቅ ሪፈንድ እናስመልሳለን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። በደንብ የሚሠሩ፣ የተማሩና የታመኑ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እነርሱን አልነካም። ሌሎቹን ግን እንነጋገርባቸው። አንድ ወዳጄ የ2023 ሒሳቡን ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ዘንድ አሠራ። ወዳጄ ከምድር ቤቱ የማይወጣ የዳታቤዝ ባለሙያ ነው፤ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ነው። ቅጹ ላይ ግን 20,000 ማይል ለሥራ ነድቷል ተብሎ ተጻፈ። የዚያ ዓመት ተመን በማይል 65.5 ሳንቲም ነበርና 13,100 ዶላር ተቀነሰለት። ወዳጄ አላነበበውም፤ ሪፈንዱን አይቶ መረቀው። ደብዳቤው ሲመጣ የማይሉን መዝገብ አምጣ ተባለ። የመኪና ወጪ በግምት አይቀነስም፤ ቀኑ፣ ርቀቱ፣ የሄደበት ጉዳይ ተመዝግቦ መገኘት አለበት። ወዳጄ ወደ ሠሪው ሮጠ። በሩ ተዘግቷል፣ ስልኩ አይነሣም፣ ቅጹ ላይም ፊርማው የለም፤ ወዳጄ ራሱ እንደሞላው ተደርጎ ነው የተላከው። ገንዘብ ተቀብሎ ቅጽ የሚሞላ ሰው እንዲፈርምና የመለያ ቁጥሩን እንዲጽፍ ሕግ ያስገድደዋል፤ ያልፈረመው ለምን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ግብሩ ከነወለዱ፣ በላዩም 20 በመቶ ቅጣት፣ ወዳጄ እስከ ዛሬ በወር በወር እየከፈለ ነው።

ይህን ሳነሣ የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው። «ታዲያ እነርሱ በሕግ ሲዘርፉን እኛ በትንሹ ብናካክስ ምን አለበት?» አለበት እንጂ! በ1986 ፕሮግራመሮችን ከከለላው ያስወጣው ስሌት ምን ነበር? «እነዚህ ሰዎች ያጭበረብራሉ» የሚል ነበር። የ1991ዱ ጥናት ሐሰት ነው ብሎ የመሰከረልን ደብተራቸውን በትክክል የያዙ ባለሙያዎች ስለነበሩ ነው። በዚያች ቅጽ ላይ የተጻፈችው እያንዳንዷ ያልተነዳች ማይል ለከሳሾቻችን ምስክር ሆና ትቆማለች። እኔ ነገ አንድ የኮንግረስ አባል ፊት ቀርቤ ስለ ዐሥራ አምስቱ ዓመት ብከራከር፣ «ለመሆኑ የእናንተ ሰዎች ቅጽ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልመልስ?

የኮንግረስ አባል ማነጋገር እናውቅበታለን ደግሞ። በኤፕሪል 2018 ኤች አር 128 የተባለው ስለ ኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት አያያዝ የተዘጋጀው የውሳኔ ሐሳብ በምክር ቤቱ ሲያልፍ፣ ከየግዛቱ ስልክ ያስጮኸው፣ ደብዳቤ የጻፈው፣ በኮሪደሩ የተመላለሰው የእኛው ሰው ነው። የእያንዳንዱን ተወካይ የቢሮ ቁጥር በቃላችን እናውቅ ነበር። ስለ አገራችን ሲሆን አንበሳ፤ ስለ ገዛ እንጀራችን ሲሆን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም»! በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከተሞች በግላቸው በኮምፒውተር ሙያ የሚሠሩ ወገኖቻችን በየሰንበቱ በአንድ ቅጥር ግቢ ይገናኛሉ፤ ስለ ግብር ሲነሣ የሚጠያየቁት ግን «አንተን ማን ሠራልህ? ስንት አስመለሰልህ?» ነው።

የምጠይቀው ሰማይ አይደለም። ከአሜሪካ ውጭ የሚሠራ ሶፍትዌር ወጪ፣ ቢያንስ ለትንንሾቹ ቤቶች፣ እንደ ሌላው የውጭ አገር ወጪ በዓመቱ ይቀነስ። የቤት ቢሮዋ 1,500 ዶላር ከኑሮ ውድነቱ ጋር ትራመድ። አንቀጽ 1706 ትሰረዝ፤ ጽፈዋት የተጸጸቱት ሴናተር ያልቻሉትን ሌሎች ይጨርሱት። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈን፣ ስማችንንና አድራሻችንን አኑረን፣ ለየተወካዮቻችን ለመላክ የሚያስፈልገን አንድ የእሑድ ከሰዓት ነው። ረቂቁን እኔ አዘጋጃለሁ፤ የሚተች፣ የሚያርም፣ የሚፈርም ይጻፍልኝ።

ልጁስ? ቅጹን ባለፈው ሳምንት ላከ። በሥራው መስመር ላይ የሚሠራውን ጻፈ፤ ሶፍትዌር ሠሪ ብሎ። «በአገር ውስጥ እንደተሠራ አድርገህ ሙላው» ያለው ሰው ነበር፤ እምቢ አለ። ግብሩን በአንድ ጊዜ መክፈል ስላልቻለ በየወሩ ሊከፍል ተስማምቷል። ከአዲስ አበባዎቹ ልጆች አንዱን አሰናብቷል። ስልኩን ሊዘጋ ሲል «ጋሼ፣ እኔ በ2040 ሃምሳ ይሞላኛል» አለኝ።

ቸር እንሰንብት።